የጥድ ሙጫ በአባቴ እጅ

ለባለቤቴ የመቃብር መስቀል ላሠራ ካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ አንድ አናጺ ቤት ቆሜ ሳለ የጥድ ሙጫ ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ሲያፍሱ አባቴ ወንድሜን ኮርኒስ ውስጥ ደብቆ በጥድ ጣውላ ዘጋበት። ወዲያው በሩ ተደበደበ።

«እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ አንዱ ወታደር።

«ሙጫ ነው፣ ጓድ» አለ አባቴ። የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፍያ ሄዶ የደን ትምህርት ተምሮ ነበር። «ቡልጋሪያዎችም ሩሲያዎችም ስሞላ ይሉታል። ፖላንዶች ግን ሕያው ከሚለው ቃል አውጥተው ዢቪጻ...»

«ፕሮፌሰር! ማን አስተምረን አለህ?»

ተሳስቀው ወጡ። አባቴ ግን ዓይኑን ከኮርኒሱ ሳይነቅል፣ «ቼኮች ደግሞ...» እያለ ለእኔ ማውራቱን ቀጠለ። ማቆም አልቻለም።

«ማማ፣ መስቀሉ ላይ ማን ብዬ ልቅረጽ?» አለኝ አናጺው።

የባለቤቴን ስም በመንገር ፈንታ፣ ጥዱ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት።