መሪዋን ቀና ያደረግሁ ጊዜ

በሞተር ብስክሌት ሥራ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ወደቅሁ። እየነዳሁ ብወድቅ ወግ ነበረው። እኔ የወደቅሁት ከቆመች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ሦስት ዓመት የደባርቅንና የዳባትን ገጠር የዞርሁት በእግሬና በበቅሎ ነበር። ከበቅሎ ስትወርድ ራሷን ችላ ትቆማለች። ሞተሯም የምትቆም መስሎኝ፣ መቆሚያዋን ሳላወርድ እግሬን አሻግሬ ወረድሁና የጃኬቴን አቧራ ማራገፍ ጀመርሁ። እሷም ቀስ ብላ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ እላዬ ላይ ተኛች።

ኃላፊያችን አቶ ዘላለም በመስኮት ሲያዩኝ ነበር። ወጥተው አነሡን፤ መጀመሪያ ሞተሯን፣ ቀጥሎ እኔን።

«ሐኪም፣ ልጓም የላትም እኮ» አሉኝ።

«አይቻለሁ» አልሁ።

«ያየህ አትመስልም።»

ሐኪም የተባልሁት ሰው አክሜ አይደለም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ፤ ሥራዬም በግና ከብት መከተብ ነው። በእኛ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ሐኪም ነው።

መሥሪያ ቤቱ አንዲት ባለ ረጅም እግር የመስክ ሞተር ነበረችው። እሷን ከኃላፊው በቀር ማንም አይነካትም። እኔ የራሴን የገዛሁት ሚሌኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ቆይቶ፣ ከአንድ የጎንደር ወጣት ነው። መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ፊቷ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ መሪዋ ወደ ታች የተቆለመመ፣ አስፋልት ላይ ለሚሽቀዳደም ጎረምሳ የተሠራች ስፖርት ሞተር ነበረች። ለምን እሷን እንደ መረጥሁ የሚጠይቁኝ አሉ። ቀይ ስለ ነበረች ነው። ለባለቤቴ ሌላ ምክንያት ነግሬያት ነበር፤ አላመነችኝም።

የመጀመሪያው ጣጣ የደባርቅ ከፍታ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሯ ቤንዚኑን ማቃጠል ያቅታታል። ዳገት ላይ ትስላለች፣ ታጨሳለች፣ ትጠፋለች። መካኒኩ ሞላ እሳት የምትጭርበትን ካንዴላ ፈትቶ አሳየኝ፤ ጥቀርሻ ለብሷል።

«ይቺ ልጅ ትበላለች እንጂ አትተነፍስም» አለኝ።

ከካርቡሬተሯ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን አውጥቶ በጠባቡ ቀየረልኝ። ደባርቅ ላይ ተስተካከለች። አዲ አርቃይ ስወርድ ግን ቆላው አየር ወፍራም ነውና ጠባቡ አልበቃት ብሎ እንደ ብረት ምድጃ ጋለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ብሎን በክብሪት ቀፎ ይዤ መዞር ሆነ። ሊማሊሞን ስወርድ ሰፊውን፣ ስወጣ ጠባቡን። አንድ ቀን ቀፎውን ሲጋራ ለሚያጤስ ሹፌር በስሕተት አቀበልሁት። ሰውዬው ብሎን ሊጭር ሞከረ።

የኋላ ጎማዋን የሚያዞረውን ካቴና በየቅዳሜው በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። ብሩሹ የማን እንደ ነበር ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ይህን ካነበበች ትጠይቀኛለች። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ደግሞ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከዳባት ወደ ጽድ አምባ በሚወስደው መንገድ ያልመታው ድንጋይ የለም። ሰዎች ከማየታቸው በፊት በድንጋዩ ድምፅ መምጣቴን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ካህን ወይም ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያገኝ ይወርዳል። ወርዶ እጅ ይነሣል፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ሞተሬ ግን በቁልፍ ብቻ የምትነሣ ነበረች፤ ባትሪዋም የደከመ ነው። አንዴ ካቆምኋት ቁልቁለት ፈልጌ መግፋት አለብኝ። ስለዚህ ለማንም አልወርድም ነበር። እያፈርሁ አልፋለሁ።

ታዲያ ሰዉ ይቀየመኛል ስል ጭራሽ ወደደኝ። ቆብ ያወልቁልኛል፣ ወገባቸውን ሰበር ያደርጉልኛል። በኋላ ነው የገባኝ። መሪዋ ዝቅ ያለ በመሆኑ ደረቴ ቤንዚን መያዣዋ ላይ ተኝቶ ነው የምነዳው። በራስ ቁሩ ምክንያት ፊቴ አይታይም። ባላገሩ የሚያየው ከሩቅ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ፣ ጎንበስ እንዳለ የሚያልፍ ሐኪም ነው። ለእያንዳንዱ እጅ የምነሣ መሰላቸው። ለበሬውም ለእረኛውም ለግንዱም ጎንበስ እንደምል ግን ማንም ልብ አላለም።

ስሜ ወጣ። «ያ ትሑቱ ሐኪም» ተባልሁ። ክትባት ስጠራ ከሌላው ቀበሌ ሁሉ በግ ይበዛልኝ ጀመር። አቶ ዘላለም በስብሰባ ላይ አስነሡኝና «ሕዝቡን እንዴት እንዲህ እንዳቀረብኸው ለባልደረቦችህ ልምድህን አካፍል» አሉኝ። ተነሥቼ «ምስጢሩ አክብሮት ነው» አልሁ። ጥቂት አፈርሁ። ብዙ አይደለም።

ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ወገቤ እምቢ አለ። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ እንደ ማጭድ ነኝ። ሞላ ዘንድ ሄድሁና መሪዋን ከፍ አድርግልኝ አልሁት። ከውኃ ቧንቧ ብረት ቆርጦ በየደና አራዘመው። ስቀመጥባት ጀርባዬ ቀጥ አለ።

«አሁን ደጃዝማች መስለሃል» አለኝ ሞላ።

ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት የፊት ጎማዬን ነበር። አሁን ገብሱን፣ ገደሉን፣ የስሜንን ራስ እያየሁ እነዳ ጀመር። ሰላምታው እየቀነሰ መሄዱን አይቻለሁ። እኔ ግን ብርዱ ነው ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከጽድ አምባ ጎን ባለው ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ገባ። ግልገል ይፈጅ ጀመር። አቶ ዘላለም ክትባቱን ከጎንደር ለምነው አስመጡና አይስ ቦክሱን ራሳቸው በእጄ ሰጡኝ።

«ይህ ካለቀ ወይም ከሞቀ ሌላ የለም» አሉኝ። «በረዶው እስከ አሥር ሰዓት ይቆይልሃል። ጽድ አምባ ዛሬ ካልተከተበ በሚቀጥለው ሳምንት የምትሄደው ቆዳ ለመቁጠር ነው።»

ቀጠሮው ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ነበር። በሰዓቱ ደረስሁ። አንድም በግ የለም። አንዲት ፍየል ቆማ ነበር፤ እሷም አይታኝ ሄደች። ዛፍ ሥር የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ፈንታ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ምንጊዜም «አንተ ሐኪም» ብለው የሚጠሩኝ፣ እንደ ልጃቸው የሚቆጡኝ ሰው ናቸው።

«እንደምን አደሩ የኔታ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

ሽማግሌ አንተ ሲል የነበረውን ሰው ድንገት እርስዎ ካለ ነገሩ አብቅቷል።

«የኔታ፣ ሰዉ የት ሄደ? ቀጠሮ ነበረን።»

«ሰዉማ አለ። የርስዎን ያህል ትልቅ ሰው የኛን ቅማላም በግ እንዲነካ ማን ይደፍራል ብሎ ነው።»

«ምን አጠፋሁ የኔታ?»

«ማክሰኞ እኔና ሁለት ቀሳውስት ወንዙ አፋፍ ቆመን አለፉን። ድሮ ከሩቅ ጀምረው ነበር ጎንበስ የሚሉ። ማክሰኞ አገጭዎን ሰቅለው፣ ተራራ ተራራውን እያዩ አለፉ። ሹመት አግኝቷል አሉን። እንኳን ደስ ያለዎ።»

«ሹመት አላገኘሁም። መሪ ነው ያገኘሁት።»

«የማን መሪ?»

«የሞተሯ መሪ፣ የኔታ።»

አይስ ቦክሱን አየሁት። ሽፋኑ ዙሪያውን ማላብ ጀምሯል። አዲስ ትሕትና ለመፍጠር ጊዜ አልነበረኝም። እውነቱን ተናገርሁ።

«የኔታ፣ ድሮም እጅ አልነሣሁም። መሪዋ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ተጣጥፌ ነው የምነዳው። ወገቤን ሲያመኝ ከፍ አስደረግሁት። ኩራትም ትሕትናም አልነበረብኝም። ብረት ነው።»

የኔታ ሲያስቡ የጢማቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፤ ጠቀለሉት።

«እንግዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆብ ያወለቅነው ለብረት ነው?»

«ለብረት ነው የኔታ።»

«እስቲ ተቀመጥባት። ድሮ እንዴት እንደ ነበርህ አሳየኝ።»

አንተ ብለውኛል። ወጥቼ ደረቴን ቤንዚን መያዣዋ ላይ አስተኛሁ፤ ወገቤ ጮኸ፣ እኔም አብሬ ጮኽሁ። ቀጥሎ ቀና አልሁ። ደግሜ ተኛሁ። የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ይህን ለሰው አልነግርም» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ቆብ አውልቄያለሁና። አንተ ግን ውረድ። በእግርህ፣ በየደጁ ሂድ፤ ሁሉንም ሰላም በል። ከዚያ በግ ይወጣልሃል።»

አይስ ቦክሱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ቤቶቹ ሠላሳ ይሆናሉ፤ በየኮረብታው ተበታትነዋል። የደጋ ሰላምታ ደግሞ አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቤቶች ስለ ሁሉም ጠየቅሁ። በስድስተኛው፣ በረዶው ታስቦኝ፣ አሳጠርሁ።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዘውዲቱ በር ላይ ቆመው «ልጆቹን ጠየቅህ፣ ዝናቡን ጠየቅህ። ላሟንስ?» አሉኝ።

«ላሟ ደኅና ናት?»

«ታማለች።»

ላሟን አየሁ። ጥርሷ መካከል እሾኽ ተሰክቶ ነበር፤ ነቀልሁት። ወይዘሮ ዘውዲቱ ኮረብታው ላይ ወጥተው ወደ ታች ተጣሩ፤ «ሐኪሙ ደኅና ነው፤ በግ አውጡ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ቤቶች መንገድ ላይ ወጥተው ጠበቁኝ።

መከተብ የጀመርሁት ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። የኔታ ራሳቸው በግ ያዙልኝ፤ አያያዛቸው የቅኔ መምህር ነው፣ ሁለቴ በጉ እሳቸውን ይዟቸው ሄደ። የመጨረሻዋን እናት በግ ስወጋ በረዶው ባቄላ አክሎ ውኃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ፈንጣጣው ከሳምንት በኋላ ጽድ አምባ ደረሰ። የሞቱት ሁለት ግልገሎች ናቸው፤ እነሱንም ባለቤታቸው በክትባቱ ቀን ጓዳ ደብቋቸው ነበር።

የክትባቱ ዕለት ማታ የገባሁት ሞላ ዘንድ ነው።

«ምነው ደጃዝማች፣ ጠቁረሃል» አለኝ።

«ጽድ አምባ ላይ ተሻርሁ።»

«መሪውን ልመልሰው?»

«ተወው። አዲስ ባትሪ ግጠምልኝ።»

ጡረታ እስክወጣ መሪዋን አልነካሁትም። ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር አቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ መቆሚያዋን አወርዳለሁ፣ ላሟንም ሳልረሳ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ቁልፉን አዙሬ እሄዳለሁ። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። በእኛ ወረዳ ሰላምታ የሥራው ክፍል ነው። መንገዱ አርባ ደቂቃ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።