የእናቴ ብቅልና የማሽኑ ዓይን

እናቴ ስትሞት ጓዳ ውስጥ ብቅል ተርፎ ነበር። ራሷ ያበቀለችው፣ ራሷ አስጥታ ያደረቀችው፤ ለአንድ ጋን የሚሆን ብቻ። የአርባዋ ጠላ ከዚያ ብቅል እንዲሆን አክስቴና እኔ ሳንነጋገር ተስማማን። ከእጇ የቀረን ሌላ ነገር አልነበረም።

ደባርቅ ግን ደባርቅ ነው፤ ብርዱ ጠላንም እጅ እግሩን አስሮ ያስቀምጠዋል። ጥንስሱ አልፈላም አለ። እኔን ደግሞ የጎንደር ከተማ ኑሮ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ለችግር ሁሉ ዕቃ መግዛት ነው። ፒያሳ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሙቀት መቆጣጠሪያና የማሞቂያ ገመድ ገዝቼ መጣሁ። ጋኑ ገመዱን ይታጠቃል፤ ከመቆጣጠሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ጠላው ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን ይለካል። ጠላው ሲበርድ ገመዱ ይግላል፣ ሲበቃው ይቆማል። ባለሱቁ የሽቦውን ጫፍ «ዓይኑ» ነበር ያለኝ። እኔም እንደሰማሁት ለአክስቴ ነገርኳት።

«ዓይኑ ከጠላው እንዳይወጣ። እሱ ካላየው አይሠራም።»

የሽቦውን ጫፍ ትኩር ብላ አየችው። እሺ ያለችኝ መሰለኝ።

ለድግሱ የጎደለውን ልሸምት ጎንደር ወርጄ ስመለስ ቤቱ የተቀቀለ እህል ይሸታል። ጋኑን ብነካው ለበለበኝ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ግን ብርድ ነው ይላል፤ ገመዱ መጋሉን የሚያሳየው ቀይ መብራትም እንደበራ ነው። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ያው ነው። ውስጡ የተጣበቀ ነገር ይኖራል ብዬ ሳጥኑን ፈታሁ፤ ምንም የለም። ባለሱቁን ረገምኩ፣ ዕቃውን የሠራውን አገር ረገምኩ። በመጨረሻ ሽቦውን በእጄ ተከተልኩት። ወደ ጋኑ አይገባም። በኋላ በኩል ዞሮ፣ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጧል። በመዳፌ ስጨብጠው ቁጥሩ ወጣ፣ ሳጥኑ ቀጭ አለ፣ መብራቱ ጠፋ። ዕቃው ጤነኛ ነበር። ግድግዳው እስኪሞቅለት ጠላውን ሲቀቅል ነው የከረመው።

«ማን ነው ያወጣው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ!» አለች አክስቴ። «ምነው ልጄ? የሚፈላ ጠላ ከጎረቤት ዓይን እንኳ ሸፍነን ነው የምናሳድረው። የእህቴን የመጨረሻ ብቅል ዓይን ነክሬበት ልደር?»

ገመዱን ከጋኑ ላይ ፈታሁት። ንዴቴን የምጥልበት ሰው አልነበረኝም። እሷ እህቷን ስትጠብቅ ነበር። ብቀምሰው ጠላ አይደለም፤ የሞቀ፣ የኮመጠጠ ነገር ነው። ጎረቤቶች «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» እያሉ አጽናኑኝ። መፍሰስ ቢሆንማ በወደድኩ፤ እኛ ቀቅለን ነው የገደልነው።

አርባው ሲደርስ በሳጥን ቢራ አስመጣን። የእናቴን ጠላ ሲጠጡ ያረጁ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው አንድ ጎረቤት ጠርሙሱን አይተው ወደ ጎን ገፉት።

«ያ የእሷ ጠላስ?»

«ተበላሸ፣ አያ።»

«ሌላ ብቅል አልተወችም?»

«አልተወችም።»

ውኃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። አመጣሁ። ብርጭቆውን ከፍ አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉና ጨለጡት። አጠገባቸው የተቀመጡትም ቢራውን ትተው ውኃ አሉኝ። እንዲያ ስትጠምቅ በኖረችው እናቴ አርባ ውኃ ሳዞር ዋልኩ።