መክሊትን የጠበቀው ግቢ

ማለዳ፣ አውቶቡስ ተራ

ሞባይል ገና በየሰዉ ኪስ ያልገባበት ጊዜ ነው። ሀዋሳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ግርማ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደወለልኝ። “እህቴ ሰላም፣ ልጄ መክሊት መኖር አልፈልግም ብላ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ነገ ትወጣለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደ ቤት ማምጣቱን ፈራሁ” አለኝ። እኔ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማንን የማስታምም ነርስ ነኝ። ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ተሳፈርኩ።

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ፀሐይዋ ጠንከር አለች። ዝዋይ ላይ የፓፓያ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ ለመክሊት አንድ ትልቅ መረጥኩላት። ከዚያ ወዲያ ግራር፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ፣ ደግሞ ግራር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ፊቴን አይተው፣ “ለለቅሶ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“አይደለም አባቴ፤ ለቅሶ እንዳይመጣ ነው።”

“እንግዲያው እግዜር ይቅደምሽ” አሉኝ።

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር

መክሊት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በረንዳው ላይ አገኘኋት፤ ከስታለች። ሐኪሟ ለወላጆቿ እንደነገራቸው የድባቴ ሕመሟ የቆየ ነው፤ የትምህርት ቤት ፈተናዋ ውጤት ደግሞ አባሰው። ጎኗ ተቀምጬ፣ “አሁንም ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብሻል?” ብዬ በግልጽ ጠየቅኳት።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ደነገጠ። “ኧረ ቃሉን አታንሺባት!”

እሷ ግን ቀና አለች። “ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ የምነግረው ሰው ነው ያጣሁት።”

ሐሳቡ እስኪያልፍ ድረስ የሚጎዳት ነገር ከእጇ መራቅ እንዳለበት ለወንድሜና ለሚስቱ ለእትዬ አልማዝ አስረዳኋቸው። በየክፍሉ ዞርን። መድኃኒቱን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆለፍን፤ ቁልፉን እትዬ አልማዝ አንገቷ ላይ አሰረችው።

“ቤቴ እስር ቤት ሆነ” አለ ወንድሜ።

“አባዬ፣ እኔን ይቀለኛል” አለችው መክሊት።

ቀሪው የግቢው መጋዘን ነበር። በዚያው ግቢ የሚኖሩት ጎረቤታቸው አቶ ዳንጊሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ላለው የበቆሎ እርሻቸው የሚረጩትን የተባይ መድኃኒት እዚያ ያስቀምጣሉ፤ እንዲወጣ ምክንያቱን ለእሳቸው መንገር ነበረብን። ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። “እሱስ ይቅርብኝ። ሰው ምን ይለናል?”

መክሊት ናት የመለሰችለት፤ “ይነገራቸው። ግን አባዬ ራሱ ይንገራቸው።”

አብሬው ሄድኩ። ወንድሜ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ የማይደናገረው ሰው፣ ቃል አጠረው። “አቶ ዳንጊሶ፣ ልጄ ታማብኛለች። መኖር… መኖር አስጠልቷታል። ያንን የእርሻ መድኃኒት ከግቢ ቢያወጡልኝ ብዬ ነው።”

አቶ ዳንጊሶ ወደ ወንድሜ ቀረብ አሉ። “መምህር፣ እኔ ታናሽ ወንድሜን እንዲህ ነው ያጣሁት። ያኔ ለኔ ማንም አልነገረኝም። እርስዎ ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

ወዲያው ጋሪ አስጠርተው ሁሉንም ጫኑ፤ ቡሹሎ ባለው ማከማቻቸው ቆልፈውበት ተመለሱ። በማግስቱ ባለቤታቸው መጡ። ወሬ ሊጠይቁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መክሊትን፣ “እኔ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። ብቻዬን ይሰለቸኛል፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?” አሏት። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ተከተለቻቸው።

አሞራ ገደል

ከመመለሴ በፊት ሁላችንም ዓሣ ልንበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ አሞራዎች በጀልባዎቹ መካከል ይንጎራደዳሉ። ወንድሜ የተጠበሰውን ዓሣ አጥንቱን እየለቀመ ለልጁ ያቀርብላታል። “አባዬ፣ ሕፃን አደረግኸኝ እኮ!” ብላ ሳቀች። እትዬ አልማዝ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። መክሊት ገና ፈጽማ አልዳነችም፤ የሕክምና ክትትሏ ረጅም ነው። እኔ ግን ለዚያች ሳቅ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ቤቴ

በመንገዱ ሁሉ አቶ ዳንጊሶን ሳስብ መጣሁ። ቁልፍ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ሰው ያስፈልጋል። ሰው ደግሞ ካልነገሩት አይመጣም። ለዚያ ግቢ ያለብኝን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጸው እንጃ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ስልክ ተደወለ። መክሊት ናት።

“አክስቴ፣ ትናንት በጣም ከፍቶኝ ነበር። ለአባዬ ነገርኩት።”

“ምን አለሽ?”

“ምንም አላለኝም። ሥራውን ትቶ ከጎኔ ዋለ።”