በረዶ ቤት ውስጥ የተሞከረው ጓዝ

ነገሩ የጀመረው በአንድ የግንቦት ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ያልረሳሁት ድሬዳዋ ውስጥ በሙቀቱ ወራት የከሰዓት በኋላ ሥራ የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለነበርና ስብሰባው ቢሮው እንደተከፈተ ስለተጀመረ ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ በተወለድኩበት ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተመድቤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ሳምንት ግን አልረሳሁትም፤ በራሴ የኮራሁበት የመጀመሪያው ሳምንት ነውና።

መሥሪያ ቤታችን ወደ ጋራ ሙለታ ሰው ሊልክ ነበር። ተራራው ላይ የቀሩትን የጽድና የኮሶ ዛፎች አይተው፣ የአበባና የቅጠል ናሙና ሰብስበው የሚመለሱ ሰዎች። አራት ሌሊት እዚያው ይታደራል። የሚሄዱት ሦስት ናቸው ተባለ፤ የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ታደሰ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሽመልስና ሾፌራችን አብዲ። ከሁላችን ስለ ዕፅዋት የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ግን ጓዙን ማዘጋጀት ሆነ።

"ቅጠሉን እናመጣልሻለን፤ አንቺ እዚሁ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ትለዪዋለሽ" አሉ ጓድ ታደሰ። ክፋት አልነበረባቸውም። ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው።

ተቆርጦ የመጣ ቅጠል የዛፉን ግማሽ ታሪክ እዚያው ጥሎ እንደሚመጣ ልነግራቸው ፈለግሁ። ነገር ግን ስብሰባ ላይ አፌ ይተሳሰርብኛል። ዝም ብዬ የጓዙን ዝርዝር ብቻ አነበብኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ካፖርት፣ ሹራብ፣ የሱፍ ቆብ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ።

ሽመልስ ሳቁን ለቀቀው። "አቦ ተይን እስቲ ሮማን! እኛ ብርድ ስንፈልግ ስንት ዓመታችን!"

አብዲ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን በውኃ ነክሮ ለብሶ፣ "ወላሂ፣ ካፖርቱን ሳየው ብቻ አላበኝ" አለ። ካፖርቱ እኮ ገና ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ጓድ ታደሰ እስክሪብቶአቸውን አወጡና ይሰርዙ ጀመር። ብርድ ልብሱ አንድ አንድ ሆነ። ካፖርቱ፣ ሹራቡና ቆቡ ተሰረዙ። "ጋራ ሙለታ እኮ እዚሁ ሐረርጌ ነው። ጓዙን ተራራ የሚያወጡትን በቅሎዎችስ ለምን እንገድላቸዋለን?" አሉ።

እኔም የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አልፈረድኩባቸውም። ግንቦት ሲገባ አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ አንሶላችንን ውኃ ነክረን የምንተኛ ሰዎች ነን። እኔ ብርድን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ለትምህርት ወደ አንድ የሸዋ ተራራ ወጥተን በስስ ሹራብ አደርኩ። ሌሊቱን ጥርሴ ሲንገጫገጭ ቆይቶ ከንጋቱ በፊት ስሜን አስተካክዬ መጥራት አቃተኝ። ጓደኞቼ ተሸክመው አወረዱኝ። ጋራ ሙለታም ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጓድ ታደሰ ደግሞ ደረታቸውን የሚያማቸው ሰው መሆናቸውን ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ ሳላቸው ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል።

ሰዎቹ በዚያ ዝርዝር ከወጡ አንዱ ታሞ እንደሚወርድ ታየኝ። አፌ እምቢ ስላለኝ ማስታወሻ ጻፍኩና ማታ ከቢሮ ስወጣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። "ዝርዝሩን ከመፈረምዎ በፊት በረዶ ቤት ውስጥ ገብተን እንድንሞክረው በትሕትና እጠይቃለሁ" ይላል።

ረቡዕ ጠዋት ማስታወሻዬን ጮክ ብለው ለሁሉም አነበቡት። ፊቴን የት እንደማስገባው አላውቅም ነበር። ሽመልስ ጠረጴዛ እየደበደበ "እንወራረድ! እንወራረድ!" አለ።

ጓድ ታደሰም ጨዋታው ጣማቸው። "እሺ። አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። እኛ በእኔ ዝርዝር፣ አንቺ በራስሽ። ካሸነፍሽ የጻፍሽው ሁሉ ይጫናል፤ አንቺም ትሄጃለሽ። ከተሸነፍሽ ግን ስለ ብርድ ሁለተኛ አትጽፊልኝም።"

"ከሦስታችን አንድ ሰው እንኳ ካንቺ በኋላ ከወጣ ያሸነፍነው እኛ ነን!" አለ ሽመልስ።

"እሺ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

በረዶ ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበር። ለሠርግና ለለስላሳ መሸጫዎች በረዶ የሚያመርት አሮጌ ቤት ነው። በሩ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ እንጨት ነው። ጠባቂው ሁላችንም አው ዑመር የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያንን ሁሉ ዓመት በረዶ መካከል ሠርተው ከትከሻቸው ላይ ወፍራም ጋቢ አይለይም። ጉዳዩን ስነግራቸው ሰፈሩ እስኪሰማ ሳቁና፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ሊቀዘቅዝ እየለመነ ሲመጣ ዛሬ አየሁ" አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጓዜን ልክ ለጉዞ እንደሚታሰረው አድርጌ አሰርኩ። ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ቆቡንና ካልሲውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከመካከል አደረግሁ። ካፖርቱን ያገኘሁት ከሰልባጅ ተራ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ልብስ በየቦንዳው ውስጥ ይመጣል፤ ድሬ ላይ የሚፈልገው ሰው የለም። ብርድ ልብሶቹን ጠቅልዬ አሰርኩ። ከዚያ የውኃውን ጀሪካን፣ ሁልጊዜ ቤታችን እንደምናደርገው፣ በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ከላያቸው ጫንኩት። ውኃው እንዳይሞቅ ነው። ምንም አላሰብኩበትም። እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመደው ሥራ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ደረስን። አብዲ ሸሚዙን እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነክሮታል። የበረዶ ቤቱ ሠራተኞች ሥራ አቁመው በሩ ላይ ተሰልፈዋል። አው ዑመር ሰዓታቸውን አዩና በሩን ከኋላችን ገፋ አድርገው ዘጉት።

ውስጡ አንዲት ደብዛዛ አምፑል አለች። በሰጋቱራ የተሸፈኑ የበረዶ ግንዶች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። መጀመሪያ ደስ አለን። ሽመልስ እጁን ዘርግቶ፣ "ገነት ማለት ይሄ ነው! ከዚህ ማን ይወጣል?" አለ። ሦስቱም ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ጓዜን ፈታሁ። ብርድ ልብሱን ስነካው እጄ ላይ ውኃ ቀረ። የጀሪካኑ ጆንያ ሁለቱንም አረጥቧቸው ነበር። እንዲያ የተጨነቅሁበት ዝርዝር፣ በራሴ እጅ ተበላሽቶ!

ቢያዩኝ የሚስቁብኝ ሳቅ አስቀድሞ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ብርድ ልብሶቹን መልሼ ጠቅልዬ ከኋላዬ ደበቅኋቸው። በላስቲክ የጠቀለልኩት ልብስ ደረቅ ነበር። እሱን ለበስኩ፣ ካፖርቱን ደረብኩ፣ ጥግ ላይ የነበረ ደረቅ ጆንያ አጥፌ ተቀመጥኩበት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አብዲ ብድግ አለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። "አቦ፣ እኔ ሾፌር ነኝ፤ ዓሣ አይደለሁም!" ብሎ በሩን ደበደበና ወጣ። ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ።

ሽመልስ ትንሽ ዘፈነ። ከዚያ ዘፈኑ ቆመ። ከዚያ እግሩን እያፈራረቀ ይዘል ጀመር። ግማሽ ሰዓት ላይ፣ "ያው ጓድ ታደሰ አሉልን፤ እሳቸው ያሸንፉሻል" ብሎኝ ወጣ።

ከጓድ ታደሰ ጋር ብቻችንን ቀረን። ሳላቸው ጀምሯቸዋል። ብርድ ልብሱን ጨምድደው ይዘው ወለሉን ያያሉ። "ጓድ፣ ቢወጡስ?" አልኳቸው። "ውጪ አንቺ" አሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቆይተው የጃኬታቸውን ቁልፍ ሊቆልፉ ሞከሩ። ጣታቸው ቁልፉን አላገኘውም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ተዉት። ስሜን መጥራት ያቃተኝ ያ ሌሊት ትዝ አለኝ።

እኔ ገና ሙቀት ነበረኝ። አንድ ሰዓት ልሞላ የቀረኝ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከእኔ በፊት ቢወጡ ተራራው የእኔ ነው። ግን እንደማይወጡ አወቅሁ። ሽመልስ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ኃላፊው ከአንዲት ልጅ በፊት አይወጡም። እዚያው ይቀመጣሉ እንጂ።

ትንሽ አመነታሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ አመነታሁ። ከዚያ ተነስቼ በሩን በጡጫዬ መታሁት። "ይበቃኛል! ክፈቱ!" አልኩ። ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። በሩ ሲከፈት የጓድ ታደሰን ክንድ ይዤ እየመራሁ ወደ ፀሐይዋ ወጣሁ።

"ቀድማ ወጣች! አሸነፍን!" ብሎ ሽመልስ ዘለለ።

አው ዑመር ጋቢያቸውን አውልቀው ጓድ ታደሰ ላይ ደረቡላቸው። ትኩስ ሻይ አስመጡና ብርጭቆውን በእጃቸው አስያዟቸው። ከዚያ ወደ ሽመልስ ዞረው፣ "አንተ፣ ያሸነፍከው ምኑን ነው?" አሉት። "እዚህ እኔ አለሁ፤ ስትመታ እከፍትልሃለሁ። ጋራው ላይ በሩን ማን ይከፍትልሃል?"

ሽመልስ መዝለሉን ተወ። እኔን ግን የደበቅሁት ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ተመልሼ ገባሁና ብርድ ልብሶቹን አውጥቼ ከፊታቸው ዘረጋኋቸው። ውኃው መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

"እኔም ተሳስቻለሁ" አልኩ። "የረጠበውን ጀሪካን ከብርድ ልብስ ጋር አስሬ ነበር። ተራራ ላይ ቢሆን ሁላችሁም በእርጥብ ልብስ ታድሩ ነበር። ውኃው ለብቻው መጫን አለበት።"

የሚሳለቅብኝ ሰው ጠበቅሁ። አብዲ ብቻ ሸሚዙን ጨምቆ፣ "እኔም ራሴ ጀሪካን ነኝ፤ ለብቻዬ ጫኑኝ" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ጓድ ታደሰ ሻያቸውን ሲጨርሱ፣ "በርዶሽ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። አንገቴን ደፋሁ።

"አልበረደሽም" አሉ። "እኔ ግን አልወጣም ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ፤ በሩ ተከፍቶ ቢጠብቀኝም አልወጣም ነበር። ተራራ ላይ ከእኔ ቀድሞ 'እንመለስ' የሚል ሰው ያስፈልገኛል።" ዝርዝሬን ከኪሳቸው አውጥተው የሰረዙትን ሁሉ እንደገና በእጃቸው ጻፉት። ከሦስቱ ስም በታች ደግሞ "ሮማን" ብለው ጨመሩ።

"ታዲያ የት ልታድር ነው?" አለ ሽመልስ።

"ትንሹ ድንኳን የእሷ ነው። እኛ ሦስታችን ትልቁ ውስጥ እንጠባበባለን። ይሞቀናል" አሉ ጓድ ታደሰ።

ማታ ለአባቴ ይህን የድንኳን ነገር ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ሁለተኛው ላይ ፈቀደልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወጣን፤ አራታችንም በጤና ወረድን። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ደፋር ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ዛሬም አፌ ይተሳሰራል። ነገር ግን ሰው በዝምታዬ ሲንቀኝ፣ ያን ወፍራም በር በጡጫዬ የመታሁትን አስባለሁና ልቤ ይሞላል። ስለ እርጥቡ ብርድ ልብስ መናገሬ ደግሞ ከዚያም በላይ ያኮራኛል።

ዓርብ ጠዋት፣ በረዶ ቤት በገባን ማግስት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ለሦስቱ ወንዶች ሁሉን ነገር አዘጋጅቼ ለእኔ የተራራ ጫማ አልነበረኝም። አሮጌ የቆዳ ቦት ጫማዎች የደረደረ ነጋዴ አገኘሁና ከሁሉ ትንሹን አነሳሁ።

"እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ይሄን ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ። "ለወንድምሽ ነው?"

"ለእኔ ነው" አልኩት።

የነጋዴው ሳጥን ላይ ተቀምጬ አጠለቅሁት። ትንሽ ይሰፋል፤ በሁለት ካልሲ ልክ ይመጣል። ነጠላ ጫማዬን በወረቀት አስጠቀለልኩ። ክሩን እስከ ላይ አጥብቄ አስሬ በዚያው ወደ ሥራ ሄድኩ። ሰው ያየኝ ነበር። የደቻቱን ድልድይ ስሻገር የእርምጃዬ ድምፅ ለራሴ ይሰማኝ ነበር።