አባቴ ሲነዳት ዳገት የማትወጣ መኪና

መኪናዋ እኔ ስነዳት ዳገት ትወጣለች። ባለቤቴ ሲነዳትም ትወጣለች። መካኒኩማ እያፏጨ ነው የሚያወጣት። አባቴ መሪውን ሲይዝ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ እሷ ወይ ፍንክች! ያን ዓመት ሙሉ ግራ ገብቶኝ የከረምኩት በዚህ ነው። ዛሬም ሳወራው ሰው የተረት መኪና ያወራሁ ይመስለዋል።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በብቸና ዙሪያ ከብት ሲከትብ ነው። የመንግሥት በቅሎ ተሰጥቶት፣ የመድኃኒት ሣጥኑን አስጭኖ፣ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ኖሮ ጡረታ ወጣ። መንዳት የተማረው ከሸበተ በኋላ ነው። ያቺን አሮጌ የጀርመን የቤት መኪና ሲገዛ ልጆቹ ሁላችንም ስቀንበታል። እሱ ግን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ እያለ በብቸና ሜዳ ላይ ዓመታት ያለ አንዳች ችግር ነዳት።

ችግሩ የመጣው እናቴ ስትታመም ነው። አንድ ጠዋት ከመኝታዋ ልትነሳ ስትል ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ ምላሷም ከበደ። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው ብለን ሞጣ እኔ ቤት አመጣናት። አባቴ ቤቱንና ላሞቹን ብሎ ብቸና ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዋ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ፍራፍሬ ይልጥላታል፣ የብቸናን ወሬ ያወራላታል፣ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ተነስቶ ይሄዳል። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ አቧራው ለብቻው አንድ በሽታ ነው።

ለምን አያድርም? አማች ቤት ነዋ! በእኛ ዘንድ ልጁን የዳረ አባት አማቹ ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ይነሳል። እዚያው የከረመ እንደሆነ «ቤት የለውም፣ ልጁ ላይ ተጠግቶ ነው» ይባላል። ባለቤቴ ስንት ጊዜ ለመነው! አልጋ ሁሉ ገዝቶ አዘጋጅቶለት ነበር። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤቴ አለ» ብሎ ባርኔጣውን ያነሳል። በሚኒባስ ይምጣ እንዳይባል፣ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ቀኑ ይሄዳል፤ በዚያው ቀን መመለሻ አያገኝም። መመለሻ ካጣ ማደር ነው፤ ከማደር ደግሞ መቅረትን ይመርጣል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ መኪናዋ ከሌለች አባቴ የለም፣ እናቴም መስኮት መስኮቱን እያየች ትቀራለች።

እና ያቺ መኪና ወደ እኛ ሰፈር የሚያወጣው ዳገት ላይ ለገመች። አባቴ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስነሳል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። የሰፈር ጎረምሳ ተሰብስቦ እየገፋ ነው ግቢ የሚያስገባው። እናቴ ጩኸቱን ከአልጋዋ ትሰማና በደህናው እጇ ነጠላዋን ማስተካከል ትጀምራለች። እኔ ደግሞ በር እከፍታለሁ።

መካኒኩ የጨርቅ ሱቄ ጎረቤት ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ሞጣ ላይ የነገዱ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ኮፈኑን ከፈተና ፍሪሲዮኑ ነው፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው፣ አለኝ። በሌላ መኪና ላይ የፍሪሲዮኑ ገመድ ጫፍ ላይ ማጥበቂያ ብሎን አለ፤ ከርሮ እንደሆነ ያላሉታል፣ ላልቶ እንደሆነ ያጠብቁታል፣ አለቀ። በዚህች ላይ ብሎን የለም። ከላይ ፈለገ፣ ከሥር ተንፏቆ ገብቶ ፈለገ፣ የለም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ዘንድ ደወለ። ጓደኛው ያ ገመድ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ነውና እንዳትነካው ብሎ ዘጋበት።

«ራሱን የሚያስተካክል ከሆነ ታዲያ ለምን አያስተካክልም?» ስል ጠየቅኩት።

እሱም ይህንኑ ሊጠይቀኝ ነበር መሰለኝ፣ ኮፈኑን መልሶ ዘጋው።

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ገመድ ላከ። መካኒኩ ራሱን ከፔዳሉ ሥር፣ እግሩን ከበሩ ውጭ አድርጎ ግማሽ ቀን ሲታገል ውሎ ቀየረው። ዳገቱን ወጣበት፣ ወረደበት፣ እኔንም አስነዳኝ። እልል ያለ ነገር! በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ መጣ፤ ከአባቴ ቀድሞ ግን ሽታው ደረሰ። ሞተሩ ሲጮህ ሰምቼ «የአብ ያለህ!» ብዬ ሱቁን ጥዬ ሮጥኩ። መካኒኩም ሮጠ። አባቴን አስወርዶ ራሱ ገባና አስነሳት፤ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ሽው ብላ ወጣች። ዳገቱ መሐል የቆመው አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እያየ ነበር። ያን ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላማ የምክሩ ዓይነት! ጎረቤቴ ዓይን ነው አለች፤ በስተርጅና መኪና ሲነዳ ያየ ሰው ሁሉ በልቶታል አለች። ጠበል አምጥተሽ ሞተሩ ላይ እርጪ አለችኝ። እንዴት እንደነደደኝ! ገመድ ነው የተበላሸው፣ ገመድ ዓይን ይበላዋል ወይ ብዬ ተቆጣኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሴው ረጨሁ። ምን ላድርግ፣ ቢቸግረኝ ነው። መኪናዋ ጠበሉንም ናቀችው።

ባለቤቴ የባሕር ዳር ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። እሱ እንኳ ጭንቅላቱን ይዞ፣ እንዲህ ያለ ነገር ዓይቼም ሰምቼም አላውቅም አለ። ብልሽት ብልሽት ነው፤ ሰው መርጦ አይሠራም። ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። መኪናዋ ደህና ከሆነች የተበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ግን አማች አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ወንድሞቼ ተናገሩት። አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላትማ ቆመች። የተጎዳ የለም። ግን ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ለወንድሞቼ ደወልኩ፤ እነሱም ስልኩን እየተቀባበሉ፣ አባታችን አርጅቷል፣ ሰው ሳይገድል ቁልፉን እንቀበለው፣ መኪናዋም ትሸጥ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ሞጣ እንገናኝ ተባለ። እናታችንስ ስል፣ በየበዓሉ እኛ እናመጣዋለን አሉኝ። በየበዓሉ!

አባቴ የሆነ ነገር ሸትቶታል። በዚያ ሰሞን ሊሄድ ሲል ሸኝቼው መኪናዋ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለ። «የተበላሸው አእምሮዬ ነው እንዴ?»

ኧረ በፍጹም አልኩት፤ ምን ነካዎት አልኩት። ግን እኔም አላውቅም ነበር። እሱ ቁልቁለቱን ይዞ ሲወርድ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ እንኳ አልለየሁም፤ ለእሱ ይሁን፣ ለእናቴ ይሁን፣ ንዴት ብቻ ይሁን።

መካኒኩን ነገሩ አላስተኛው ብሎት ኖሯል። አንድ ጠዋት ሱቄ መጥቶ፣ «መኪናዋን ተዪልኝ፤ አባባን አምጪልኝ» አለኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ወደ ጋራዡ ወሰድነው። መካኒኩ አባቴን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጠና በጀርባው ተኝቶ ራሱን ከፔዳሉ ሥር አስገባ፤ በስልኩ መብራት እያየ ነው። እኔ በተከፈተው በር ቆሜያለሁ።

ይርገጡ አለው፤ አባቴ ረገጠ። ይልቀቁ አለው፤ ለቀቀ። ይልቀቁ እንጂ አባባ አለ ከሥር። አባቴ ለቅቄያለሁ አለ። አልለቀቁም አለ ያኛው። አባቴ መቆጣት ጀመረ። እኔማ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝ፤ ይልቀቁ እኮ ነው የሚልዎት አባዬ ብዬ ጮህኩ። «ለቀቅሁ አልኩሽ እኮ!» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን አየሁት። እውነትም ፔዳሉ እስከ ላይ ተመልሷል። አባቴ እውነቱን ነው። መካኒኩም ይምላል። ሁለቱ እውነቶች እንዴት አንድ መኪና ውስጥ ተቀመጡ?

ከዚያ እግሩን አየሁት። ግራ ጫማውን አውልቆ ጎኑ አስቀምጦታል። በካልሲ ያለው እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቶ የፔዳሉን ጠርዝ ጭብጥ አድርጎ ይዟል። ፔዳሉ ሲወጣ እግሩም አብሮ ወጥቷል እንጂ አልተለየውም። እጄን ከእግሩ ሥር ሰድጄ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ።

መካኒኩ የስልኩን መብራት ወደ ፔዳሉ አናት አዞረ። ከዚያ እስቲ መልሺው አለኝ፤ መለስኩት። አንሺው አለኝ፤ አነሳሁት። ጠቅ።

ተንፏቆ ወጥቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ አስረዳን። ፔዳሉ አናት ላይ ጥርስ ያለው ትንሽ ቁራጭ አለ። እግር ከፔዳሉ ጨርሶ ሲነሳ ጥርሱ ይላቀቃል፣ ስፕሪንጉም ገመዱን እንደገና ለክቶ ልኩን ይሰጠዋል። እግር ትንሽ እንኳ ካረፈበት ጥርሱ እንደነከሰ ይቀራል፤ ልኩን የሚያስወስድ ደንበኛ አልቆም ሲል ልብስ ሰፊ እንደሚቸገረው ማለት ነው። በዚያ ላይ ከብቸና ሞጣ ድረስ ፍሪሲዮኑ በስሱ እንደተረገጠ ይመጣል፤ ዳገት ላይ ሲደርስ ግሎ አልይዝ ይላል። እኛ ስንነዳ እግራችንን ስለምናነሳ አንዴ ጠቅ ብሎ ራሱን ያስተካክላል፤ ለዚህ ነው ደህና የምትሆንልን።

ለምን እዚያ እንደሚያሳርፈው አባቴን ጠየቅነው። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። የት ላሳርፈው ታዲያ አለን። ከዚያ ነው በቅሎዋ ትዝ ያለችኝ። የእኛ አገር እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ቀለበት ነው፤ በገደል መንገድ ላይ ጣቱን ከእርካብ ያወጣ ሰው መሬት ነው የሚቀበለው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚያ ጣት ነው። መኪና ሲማር ጭንቅላቱ ተማረ፤ ለግራ እግሩ ግን የነገረው ሰው አልነበረም። ቀኝ እግሩስ ብዬ ነበር፤ እሱ በነዳጅና በፍሬን ሥራ በዝቶበታል።

አባቴ እግሩን የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ ትክ ብሎ አየው። «ታዲያ አእምሮዬ አይደለማ» አለ ቀስ ብሎ። አይደለም አባዬ አልኩት። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ። ያቺ እግር ባላሰባት ቁጥር ወደ ፔዳሉ ትመለሳለች። ሲያነሳት የሚወድቅ እየመሰለው መሪውን ጨምድዶ ይይዛል። መካኒኩ ከፔዳሉ በስተግራ ወለሉ ላይ እግር ማሳረፊያ የምትሆን ጣውላ አሰረለት። አባቴ ብቸና ሜዳ ላይ ብቻውን ሲለማመድ ከረመ።

ወንድሞቼ የተቀጠረው ቅዳሜ መጡ። የነገርኳቸውን አላመኑም፤ የአባቷ ጠበቃ ብለው ቀለዱብኝ። ዳገቱ አናት ላይ ቆመን ጠበቅን። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ድንገት ከታች መኪናዋ ብቅ አለች። አትጮህም፣ አትሸትም። ባርኔጣው ከመሪው በላይ ይታያል። እኔ የማየው ግን እግሩን ነበር፤ ከዚያ ሆኜ እንደማይታየኝ እያወቅሁ። ቀጥ ብላ ወጥታ በአጠገባችን አልፋ ግቢ ገባች። ቁልፉን ሊቀበል የመጣው ታላቅ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ይሁን እንግዲህ፣ ይያዛት አለ። ደስታዬን አልደብቅም፤ እንዴት አድርጌ እንደኮራሁባቸው!

ቤት ስንገባ እናቴ ነጠላዋን አላስተካከለችም። ጩኸቱን ስላልሰማች ዛሬ ቀረ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። አባቴ ሲያናግራት ደንግጣ ዞረች።

ምሳ ተበላ፣ ወግ ተያዘ። ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ስትጀምር እንደ ልማዴ ሄጄ በሩን ከፈትኩ፣ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አነሳሁ። አባቴ አልወጣም። ተመልሼ ብገባ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴን ጠርቶ የመኪናዋን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረለት። እኔ ያልገባው ነገር ያለ መሰለኝ፤ አባዬ፣ ማንም አይወስድብዎትም፣ ተስማምተናል እኮ አልኩት።

«ስለተስማማችሁ ነው» አለ። «ልትቀሙኝ ስትመጡ ብሰጣችሁ ኖሮ ተሸንፌ ነበር የምቀመጠው። አሁን በፈቃዴ ነው።» ላሞቹን ጠዋት ለጎረቤት ሰጥቶ ነው የመጣው። ቀና ብሎ አማቹን አየና፣ «ፈቃድህ ከሆነ፣ ዛሬ እዚሁ ልደር» አለው።

ባለቤቴ ቁልፉን እንደያዘ ጎንበስ አለ። እናቴ ነች የተናገረችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ብላ በጠራችው ምላሷ፣ አሁን በከበደው።

«እስከ ዛሬስ ምን ያስኬድዎት ነበር?»

አባቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወደ አማቹ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ በመጨረሻም ወደ ግራ እግሩ አየ።

«እኔ እንጃ» አለ።