እስራኤልንና ፍልስጤምን ያስታረቅን ዕለት

ተናዳጅ ነኝ። ይህን ከሚስቴ በላይ የሚያውቁት ተማሪዎቼ ናቸው። ከደጋ መጥቼ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሙቀቱን ለመድኩት፣ ጠባዬ ግን ያው ነው።

የትምህርት ቤቱን የክርክር ክበብ የምመራው እኔ ነኝ። የጋዛ ዜና በየስልኩ ሲዞር ልጆቹ ራሳቸው ርዕስ መረጡ፦ በእስራኤላውያንና በፍልስጤማውያን መካከል ፍትሐዊ ሰላም ሊመጣ ይችላል ወይ? ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ቡድን እስክንመድብ ብቻ ነው። ሁሉም በእስራኤል በኩል ካልሆንኩ ብሎ ድርቅ አለ። አንዷማ «ቲቸር፣ በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ ከተከራከርኩ እናቴ ቤት አታስገባኝም» አለችኝ። ካርታ አምጡ ስላቸው ይዘው የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ የአሥራ ሁለቱ ነገድ ርስት የተከፋፈለበትን ነው።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ዛሬ ጋዛ ውስጥ ድንኳን ሥር የተቀመጠው ሰው እዚህ ካርታ ላይ የታለ? ሮኬት መጣ ሲባል ልጇን አንጠልጥላ የምትሮጠው እስራኤላዊት እናትስ የታለች?» በዕጣ ከፋፈልኳቸው።

ዳኛ እንዲሆንልን የባዮሎጂ መምህሩን ጓደኛዬን ለመንኩት። የዚሁ ክልል ተወላጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እሑድ እሑድ ለኢየሩሳሌም ሰላም የሚጸልይ ሰው። ወደ እኛ ትምህርት ቤት ከተዛወረ አራት ዓመቱ ነው። ቤቱና ማሳው ሌላ ወረዳ ውስጥ ነበር፤ እዚያ በተነሳው የጎሣ ግጭት ጊዜ ጥሎት ወጣ። አሁን ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል፤ እሱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚህ ከተማ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቷል። ያንን ቤት ለማስመለስ በየቢሮው የማይረግጠው ደጅ የለም።

ክርክሩ መጀመሪያ ላይ አኮራኝ። አንደኛው ቡድን ከቤታቸው ስለተፈናቀሉ፣ አገር ስለሌላቸው፣ ቦምብ ስለሚወርድባቸው ፍልስጤማውያን አንጀት የሚበላ ነገር ተናገረ። ሌላው ደግሞ ከየአገሩ ተሰደው እዚያ ስለተጠለሉ፣ ስለተገደሉና ስለታገቱ እስራኤላውያን ተናገረ። ይበል አልኩ። መዝጊያው ላይ ግን ሁለቱ የቡድን መሪዎች ተነስተው ተጨባበጡና ከአንድ ወረቀት አነበቡ፦ «ሁለቱም ወገኖች ያለፈውን ረስተው፣ በመቻቻል አብረው ለመኖር ተስማምተዋል።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ደሜ ፈላ። «እንዴ! በሁለት ደቂቃ አስታረቃችኋቸው? መሬቱስ? ቤቱ የተወሰደበት ሰው የት ይግባ? የሞተባትስ፣ ማን ይቅርታ ጠየቃት? ይሄ ሰላም ነው ፍትሐዊ የምትሉኝ?»

ከቡድን መሪዎቹ አንዷ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ቲቸር፣ እዚህ ሰው ሲታረቅ እንደዚህ ነው የሚባለው።»

ጓደኛዬ ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ከቦርሳው የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አውጥቶ ሰጠኝ። በዚያ ግጭት ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገው የእርቅ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ቃል በቃል ያው ዓረፍተ ነገር አለበት። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ፦ ደገኛ ስለሆንኩ ለማንም አያዳላም ይሉኛል፣ ጽሑፌም ይነበባል፤ ስለዚህ የእርቅ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። መዝጊያውን የምጽፈው ጠዋት ነው፣ ሰው ሳይገባ። ከሰዓት ሙቀቱ አላስቀምጥ ስለሚል ሁሉም የሚጣደፈው ወደ ምሳው ነው፤ የፊርማው ወረቀትም ከምሳው ጋር ይዞራል። ጓደኛዬ መገኘቱን ለማስመዝገብ መስሎት ፈርሟል። ቢሮ ሲሄድ «ረስቻለሁ ብለህ ፈርመህ የምን ቤት ነው የምትጠይቀው?» ይሉታል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚጻፈው፤ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ቃለ ጉባኤው ወደተቀመጠበት ቢሮ ሄድኩ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ላርመው አልኩ። ኃላፊው በትህትና አስቀመጠኝና ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ አይነካም አለኝ። «መምህር፣ አሁን ይህን ብትቀሰቅስ ሰላሙን ታደፈርሳለህ» ሲለኝ «የቱን ሰላም?» ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼው ወጣሁ። ለዓለም መሪዎች የምሰጠውን ስድብ ሁሉ ያን ቀን ለራሴ ሰጠሁት። በእስራኤልና በፍልስጤም መካከልም የሚጠፋው እኮ ፊርማ አይደለም። ብሶቱ የተሰማለት ሰው ነው የሚጠፋው።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ጓደኛዬ ፈተና ያርማል። «አልተስማማህም ነበር ብዬ ምስክርነት እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠ። «ቤቴ ውስጥ ያለው ሰውዬም ቤቱ ተቃጥሎበት ነው የመጣው። ጎዳና ላይ ጣሉት አላልኩም። ቤቴ ግን ቤቴ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይስማን ነው የምለው፤ እኔንም፣ እሱንም።»

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን፣ ስሜን፣ «የማውቀውን እመሰክራለሁ» የሚለውን ጻፍኩና እጄ ቆመ። በእስራኤልና በፍልስጤም መካከል የከሸፈውን ስምምነት ሁሉ ከነዓመተ ምሕረቱ በቃሌ እወጣዋለሁ። ይህ ሰው ግን አራት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲቀመጥ ከቤቱ በወጣበት ቀን ምን እንደደረሰበት አላውቅም። አልጠየቅሁትም፤ እንዳይከፋው ብዬ ነው እላለሁ፣ ግን ለራሴ እንዲቀለኝ ነበር።

«ያን ቀን ምን ሆነ?» አልኩት።

የሚያርመውን ፈተና ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ልጆቼ አምስት ነበሩ ብለህ ጀምር» አለኝ። «አንተ የምታውቀው አራቱን ነው።»