ሁለት ካናዳውያን በኧርቪንግ መስቀለኛ መንገድ

ከዊኒፔግ የወጣሁ ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድፍን ብሎ ጨልሞ ነበር። የካናዳን ክረምት ላላየ ሰው ውሸት ይመስላል እንጂ፣ እዚያ በጥር ወር ፀሐይ እንደ ሰነፍ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አርፍዳ ገብታ ሰዓት ሳይደርስ ትወጣለች። ሁለት ሻንጣና የኢሚግሬሽን ወረቀቴ ያለበት አንድ የታሸገ ቢጫ ፖስታ ይዤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ፖስታውን እንዳትከፍቺ፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት ተብዬ ስለነበር እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነበር የሄድኩት። ከካርቱም ተቀብላ ስምንት ዓመት ያኖረችኝን፣ ዜግነት የሰጠችኝን አገር ትቼ ስወጣ ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አላለቀስኩም። ዳላስ ባል ይጠብቀኛል፤ ደግሞም ቴክሳስ ይሞቃል።

ያለቀሰችው ማርጋሬት ናት። አረጋውያንን በሚኒባስ በማመላልስበት መጦሪያ ቤት አለቃዬ ነበረች። ኤርፖርት ድረስ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አደራ፣ እንደ እነሱ እንዳትሆኚ» አለችኝ። እነሱ ማለት አሜሪካኖቹ ናቸው። ሽጉጥ ይዘው ገበያ ይወጣሉ አለች፤ ይጮኻሉ አለች፤ ሰው ታሞ ሐኪም ቤት በር ላይ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ አለች። እሷ ራሷ አሜሪካን የምታውቀው ድንበር ተሻግራ ርካሽ ጫማ ስትገዛ ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ጉዱ ደግሞ አሜሪካ የምትጀምረው እዚያው ዊኒፔግ ኤርፖርት ውስጥ መሆኑ ነው። አንድ ኮሪደር ታልፋላችሁ፣ ባንዲራው ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መኮንን ፖስታዬን ቀደደና ወረቀቱን እያገላበጠ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ካናዳዊ ነሽ?»

«አዎ።»

«የተወለድሽው ግን ኢትዮጵያ።»

«አዎ።»

«ባልሽስ?»

«አሜሪካዊ ነው።»

«የተወለደው?»

«ኢትዮጵያ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ለምን እሱ ካናዳ አልመጣም?»

«ይበርደዋል።»

ከት ብሎ ሳቀና ማኅተሙን መታ። «ባልሽ ብልህ ሰው ነው» አለኝ። ገና አገሩ ሳልገባ ካናዳዬ ተሰደበች፤ እኔም ፈገግ ብዬ አመሰገንኩት።

ባሌ ጌታሁን የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ቤታችን ዳላስ ጥግ፣ ኧርቪንግ ነው፣ አውሮፕላኑ ጣሪያችንን ሊነካው ምንም አይቀረው። የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት በመገረም ነው። ዊኒፔግ መኪና ሌሊቱን ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ እንደ ፍሪጅ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል፤ እዚህ ግን ገመዱ ከመኪናው አፍንጫ ላይ የተንጠለጠለ አንድም መኪና የለም። ሌዊስቪል የጌታሁን ዘመዶች ቤት ስንጠራ እንደ ካናዳ ልማዴ በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ሁሉም ባለ ጫማ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ቆሞ አየኝ። አንዷ አክስቱ «ምነው ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ቀኑን ሙሉ በካልሲ ዋልኩ፤ እልህ ይዞኝ ጫማዬን መልሼ አላደረግሁም።

ካናዳ ስኖር ካናዳዊ መሆኔን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ለካ ይህ ነገር የሚታወቀው ዳላስ ሲመጡ ነው። ካናዳዊ ቀኑን ሙሉ ስለ አሜሪካዊ ሲያወራ ይውላል፤ ያማዋል፣ ይንቀዋል፣ ማታ ደግሞ የእሱን ቴሌቪዥን ከፍቶ ያያል። አሜሪካዊ ግን ካናዳ ትዝ የምትለው የአየር ትንበያው ላይ ብርድ ከሰሜን ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ የመጣሁበት ዓመት፣ በፈረንጅ 2009 ላይ፣ ሌላም ምክንያት ተገኘ። የሕክምና ኢንሹራንስ ሕግ ይለወጥ አይለወጥ በሚል ቴሌቪዥኑ ሁሉ ይጮህ ስለነበር፣ አንሶላ በማጥፍበት ሆቴል የሥራ ባልደረቦቼ «እውነት እናንተ አገር ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ይሞታል?» ይሉኝ ጀመር። አልሞትኩም እኮ፣ ይኸው አለሁ እላለሁ። አያምኑኝም።

ቤት ስገባ ደግሞ ጌታሁን ይቀጥላል። «እናንተ ሰዎች ሃይማኖታችሁ ወረፋ ነው» ይለኛል። «እናንተ ደግሞ ሐኪም ፈርታችሁ ቤታችሁ ትሞታላችሁ» እለዋለሁ። ሁለታችንም ደሴ ተወልደን ደሴ ያደግን ሰዎች፣ አንዳችን ለኦታዋ አንዳችን ለዋሽንግተን ጠበቃ ቆመን ወጡ ይቀዘቅዛል። የሚያስቀው ሁለቱም ከተሞች አያውቁንም።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሥራ ነው። ስድስት ዓመት በረዶ ላይ ሽማግሌና አሮጊት ሳመላልስ አንድ መኪና ጭሬ አላውቅም። ቴክሳስ ላይ ግን ይህ ሁሉ ዜሮ ነው። ሹፌር የሚቀጥር አንድ ቢሮ ገብቼ ማስረጃዬን ሳቀርብ ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ምንም አልነዳሽም» አለችኝ።

«ስድስት ዓመት ነድቻለሁ።»

«ሲስተሙ ውስጥ የለም።»

«ሰዎቹ ግን የሚሄዱበት ደርሰዋል።»

«ማም፣ ካናዳ የነዳሽው አይቆጠርም።»

ካናዳ ጨረቃ ላይ ያለች ይመስል! ቆሽቴ አሮ ወጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ስንከራተት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ሪቻርድሰን ያለ አንድ ክሊኒክ አረጋውያን ታካሚዎችን በቫን ለማመላለስ ተቀበለኝ። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ በአንቺ ጥፋት የደረሰ አንድ አደጋ እንኳን ከተገኘ የእኛ ኢንሹራንስ አይቀበልሽም አለችኝ። ሥራው ሊጀመር አሥራ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ከአንሶላ ልገላገል ነው ብዬ ልቤ ራሰ።

በማግስቱ ሐሙስ ከሆቴሉ ወጥቼ ወደ ቤት ስነዳ አራቱም በኩል ስቶፕ የሚል የቁም ምልክት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ደረስኩ። ከቀኝ በኩል አንድ ግራጫ መኪና እኩል ደረሰ። ውስጡ ያለው ፊቱ ቀላ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው በእጁ «እለፊ» አለኝ። እኔም በእጄ «አንተ እለፍ» አልኩት። እሱ «ግዴለም፣ አንቺ»፤ እኔ «በፍጹም፣ አንተ»። አገር ቤት ሁለት ሰው በር ላይ «ግባ»፣ «አንተ ግባ» ሲባባል ታውቁት የለ፣ ልክ እንደዚያ። ከኋላዬ ያለው ፒክአፕ ጥሩንባውን ሲነፋብን ሁለታችንም ተሸነፍንና እኩል ተነሳን። ጓ!

ሁለታችንም ዘለን ወረድን። «ሶሪ! ሶሪ!» አለ እሱ ቀድሞ። እኔም «እኔን! ሶሪ፣ በጣም ሶሪ!» እያልኩ ወደ እሱ ሮጥኩ። የእኔ አንዱ የፊት መብራት ተሰባብሯል፣ የእሱ የፊት መከላከያ ተንጠልጥሏል። ማናችንም አልተጎዳንም። ሰውየው መኪናውን ትቶ እኔን አየኝ።

«ከየት ነሽ?»

ይህን ጥያቄ ዳላስ ውስጥ በቀን አምስት ጊዜ እጠየቃለሁ፣ መልሴም ሁልጊዜ ኢትዮጵያ ነው። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ «ዊኒፔግ» አልኩ።

«አላምንም! እኔ ሬጃይና!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ካናዳ ላይ ይህ ጎረቤት ማለት ነው። ስሙ ፒተር ነው። ሪቻርድሰን አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፤ ኩባንያው እየተዘጋ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ሊያልቅ ነው። የተሰበረውን መብራት እየለቀምን አወራን። «ከሁለታችን አንዱ የቴክሳስ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይህ አደጋ አይደርስም ነበር» አለኝ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ ለኢንሹራንስ እንደዚሁ ግማሽ በግማሽ ብለን እንናገር ተባባልን። ቁጥር ተለዋውጠን እንደ ዘመድ ተሰነባበትን። ከስምንት ወር በኋላ ሰው ያገኘሁ መሰለኝና የክሊኒኩ ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ትዝም አላለኝ።

ጌታሁን ጋ ደወልኩ።

«ፖሊስ ኮል አድርገሻል?»

«አላደረግኩም፣ ካናዳዊ ነው።»

«ካናዳዊ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ፒክቸርስ?»

«አላነሳሁም።»

«ሶ፣ ምን አልሽው?»

«ሶሪ አልኩት።»

«ሮማን፣ ሊስን፣ እዚህ አገር ሶሪ ማለት እኮ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ነው! ማለቴ፣ ሰውየው ላንቺ ብሎ ጥፋቱን ሊወስድ ነው? ታዪዋለሽ፣ ኦኬ?» አለኝ። አንተ ሰው አታምንም ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሳምንት ሳይሞላ የኢንሹራንስ ሰው ደወለ። ንግግራችን ይቀረጻል አለኝ። ጌታሁን ድምፁን ክፈቺው ብሎ አጠገቤ ቆመ።

«ማም፣ ያኛው አሽከርካሪ ከመኪናዎ ወርደው ይቅርታ እንደጠየቁት ነግሮናል። እውነት ነው?»

ፒተር! ከእኔ ጋር እየሳቀ መብራት የለቀመው ፒተር! ተናደድኩ፣ አፈርኩም፤ ጌታሁን ደግሞ ነግሬሽ አልነበር በሚል ዓይን ያየኛል። ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፤ አላልኩም በይ ማለቱ ነው። ቫኑ ታየኝ፣ አንሶላው ታየኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላልኩም» አልኩ። «ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው።»

«እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ።»

«እለፊ ብሎ ምልክት ሰጥቶዎት ነበር?»

«አዎ፣ እለፊ ብሎኝ ሳልፍ ገጨኝ።»

ሰውየው አመሰገነኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥፋቱ የሌላው አሽከርካሪ ነው የሚል መልስ መጣ። ጌታሁን አቅፎ ሳመኝና «አሁን ገና አሜሪካ ገባሽ» አለኝ። እኔም የት አባቱ ብዬ ጥሩ ራት በላሁ። የዚያን ሰሞን ስለ ካናዳ ጨዋነት ቤታችን ውስጥ ማንም አላነሳም፣ እኔ ራሴም።

ሥራ ልጀምር አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በልተን ጌታሁን ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ኳስ ሲያይ ስልኬ ጠራ።

«ሮማን? ፒተር ነኝ፣ የሬጃይናው። እሑድ ስለደወልኩ ሶሪ።»

ልሰድበው ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። እሱ ግን ቀጠለ።

«እኔ እንደተባባልነው ነው የነገርኳቸው፤ ሁለታችንም እለፊ፣ እለፍ ተባብለን ነበር፣ ሁለታችንም ሶሪ ብለናል፣ ግማሽ በግማሽ ነው አልኳቸው። አሁን ደውለው አንቺ ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው እንዳልሽ ነገሩኝ። በስህተት ጽፈውት ይሆናል ብዬ ነው፣ አልተቆጣሁም። ሥራው እንደሆነ ባለፈው ዓርብ አልቋል። መኪናዋን አሠርቼ ወደ ሬጃይና ነድቼ ልመለስ ነበር ያሰብኩት፣ አሁን ኢንሹራንሱ ስለማይከፍለኝ ማሠሪያ ገንዘብ የለኝም። አንቺ አንዴ ብትደውዪላቸው ይስተካከላል።»

እንግዲህ ሰውየው አልካደኝም። እነሱ ናቸው ከሁለት ይቅርታ አንዷን ብቻ ቆርጠው ያመጡልኝ፤ እኔ ደግሞ የእኔን ደብቄ የእሱን አሳልፌ ሰጠሁ። በስህተት ጽፈውት ይሆናል ሲል በር እየከፈተልኝ ነበር፤ በዚያ በር መውጣት እንዴት ይቀል ነበር! ግን የተቀረጸ ድምፅ አለ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ ኃላፊዋ የነገረችኝም ትዝ አለኝ። ምላሴ ላይ የመጣችውን ቃል ዋጥኳት።

«ይህን ከኢንሹራንሴ ጋር ተነጋገር» አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር እስክጨምር የጠበቀ ይመስለኛል። አልጨመርኩም።

«ኦኬ» አለ በመጨረሻ። «ሶሪ፣ ላስቸግርሽ ፈልጌ አይደለም።» ዘጋው።

ጌታሁን ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል «ማን ነው?» አለኝ።

«አንድ ካናዳዊ» አልኩት።